«አንብቢው» ማለት ዋስ መሆን ነው!

ያለፉትን ሳምንታት ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቅናትና ስለ ቤት አከራይ ጣጣ ስንጨዋወት ከረምን። የዛሬው ደብዳቤ ወጣ ያለ ነው። የፍቅር ጉዳይ የለበትም። ቢሆንም አንብበን ስንጨርስ «ይሄስ ሳይውል ሳያድር መልስ ያስፈልገዋል» አልን። ረዘም ይል ስለነበር አሳጥረነዋል፤ ማንነታቸውን የሚገልጠውንም ሁሉ አውጥተናል። እነሆ፦

«ለአምዱ አዘጋጆች፣

ዕድሜዬ 25 ነው። በአንድ የግል መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የምኖረው ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ቤት ተከራይተን ነው። አንደኛዋ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለባት። ክኒኗን በሰዓቱ ስለምትወስድ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጥሏት አያውቅም ነበር። ሳቂታ ናት፤ ቤታችንን የምታደምቀው እሷ ነች።

ባለፈው ዓመት አንድ ትልቅ የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ገባች። ስሙ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት ነው። በሺህ የሚቆጠር ሰው አለበት። ቀን የለ ሌሊት የለ፣ ፒዲኤፍ፣ የድምፅ መልእክትና ቪዲዮ ይዘንብበታል። ማን እንደጻፈው አይታወቅም። አንድ ቀን ክኒን መዋጥ የእምነት ማነስ ነው የሚል ትምህርት ከነጥቅሱ መጣ። በስተመጨረሻው ‹ለምትወዱት ሁሉ አድርሱ› ይላል። እሷም አመነችና ለኛ ሳትነግረን ክኒኑን ተወች። በሦስተኛው ሳምንት፣ እሑድ ጠዋት ቡና እያፈላች ሳለ ጣላት። እጇ ከሰሉ ላይ አረፈ። እግዜር ይመስገን ነፍሷ ተርፋለች፤ ቀኝ እጇ ግን እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። ያንን ትምህርት የላከውን ሰው ስንጠይቀው ‹እኔ እኮ ከሌላ ቦታ መጥቶልኝ ነው ያሳለፍኩት› አለን። እሱ ጋ አበቃ። ሌላ የምንጠይቀው ሰው አላገኘንም።

አሁን እሷ ራሷ ‹መጽሐፍ ቅዱሴን ግን አልተውም፣ የማነበው ጠፍቶኝ እንጂ› ትላለች። ስለዚህ እኔ፣ እሷ፣ ሦስተኛዋ ጓደኛችንና ሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ሆነን የራሳችንን ትንሽ ግሩፕ ልንከፍት አሰብን። የታመነ የመጽሐፍ ቅዱስ ማጥኛ ብቻ የምንጠቋቆምበት። ችግሩ፣ ከአምስታችን ሦስታችን ኦርቶዶክስ፣ ሁለቱ ፕሮቴስታንት ናቸው። ገና ሳንጀምር ተጣላን! እኔ የእረኛው መዝሙር 22ኛው ነው ስል አንደኛው ባልደረባዬ 23ኛው ነው አለ። ‹የናንተ መጽሐፍ ተሳስቷል› እስከመባባል ደረስን። እናቴ ደግሞ ‹ተይው ልጄ፣ የሃይማኖት ነገር እሳት ነው› ትለኛለች። ልተወው ወይስ ልቀጥል? የታመነ የሚባለውስ በምን ይታወቃል? እባካችሁ መላ በሉኝ።

ግራ የገባት እህታችሁ፣ ከአዲስ አበባ»

ውድ እህታችን፣

በመጀመሪያ እግዚአብሔር ጓደኛሽን ይማርልሽ። ስለ መጽሐፉ ከማውራታችን በፊት ስለ እሷ ሁለት ነገር እንበል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመለስ ይችላል፤ አንዳንዴም ሕይወት ይቀጥፋል። ስለዚህ መጠኑን በራሷ እየገመተች እንዳትጀምረው። ምን ያህል ጊዜ አቋርጣ እንደነበር ሳትደብቅ ለሐኪሟ ትንገር። ከዚህ በኋላ ድንገት ቢጥላት፣ ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያ በጥርሷ መሃል መክተት፣ እጅና እግሯን ጨምድዶ መያዝ አይጠቅማትም። ከእሳትና ከስለት አርቃችሁ በጎኗ አስተኟት፤ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ደግሞ ከጣላት ወደ ሐኪም ቤት አድርሷት። ቡናውን ደግሞ ለጊዜው ሌላችሁ አፍሉ፣ ምን አለበት?

ጸሎቷንና ጠበሏን ማንም አልከለከላትም። ያ የድምፅ መልእክት ያልነገራት ነገር ግን አለ። ወንጌል ጸሐፊው ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት፣ ምዕራፍ 4 ቁጥር 14 ላይ በሙያው ጠርቶታል። መጽሐፈ ሲራክ ደግሞ ምዕራፍ 38ን የሚጀምረው ሐኪምን አክብሩ ብሎ ነው፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው ፈጣሪ መሆኑን ይናገራል። ሲራክ በኦርቶዶክሱ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ አለ፣ በፕሮቴስታንቱ የለም። ሉቃስ ግን የሁለታችሁም ነው። እንግዲህ ጥቅስ መደርደር ብቻውን ትምህርት እንደማያሰኝ እዚህ ላይ ታያላችሁ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ እንምጣ። ልተወው ወይ ላልሽው መልሳችን አትተይው ነው። እናትሽ እሳት ነው ማለታቸው ልክ ነው፤ እሳት ግን የሚፈጀው ጠባቂ ሲያጣ ነው። ጓደኛሽ ማንበቧን እንደማትተው ነግራችኋለች። እናንተ ብትተዉት የት የምትመለስ ይመስልሻል? እዚያው ዝናቡ ውስጥ ነዋ!

ከዚህ በታች የምንልሽ ሁሉ የሚጠቃለለው በአንድ ቃል ነው። ዋስ።

አንቺ የሒሳብ ሰው ነሽ፤ ይሄ አይጠፋሽም። ገንዘብ የሚያስይዝ ሥራ ላይ ሰው ሲቀጠር «ዋስ አምጣ» ይባላል። ዋስ የሚሆነው ሰው ፊርማውን ከማኖሩ በፊት ሦስቴ ያስባል። ሰውየውን ያውቀዋል ወይ? ነገ ገንዘቡ ቢጎድል ተጠያቂው እሱ መሆኑ አይጠፋውም። ለማያውቀው መንገደኛ ዋስ የሚሆን የለም። ታዲያ ለ500 ብር ዋስ ለመሆን እንዲህ የምንጠነቀቅ ሰዎች፣ የሰው ነፍስና ጤና ለሚነካ ነገር ሲሆን ሳናነበው በአውራ ጣታችን ነካ አድርገን ወደ ሺህ ሰው እንልካለን። «ከሌላ ቦታ መጥቶልኝ ነው» ያለሽ ሰውዬ ዋስ መሆኑን ጨርሶ አላሰበውም። ግሩፓችሁ ከዚያኛው የሚለየው በስሙ ወይም በአባላቱ ጽድቅ አይደለም። እናንተ ዘንድ እያንዳንዱ መጽሐፍ ስሙ የሚታወቅ ዋስ ይኖረዋል፤ ልዩነቱ ይሄ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ራሱ በኛ ቋንቋ የደረሰን እንዲህ እየተመረመረ ነው። መላው መጽሐፍ ቅዱስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ አማርኛ የተተረጎመው ከ200 ዓመት በፊት ካይሮ ውስጥ ነው። ተርጓሚው አቡ ሩሚ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። በዚያ የነበረው የፈረንሳይ ቆንስል አሰላን ደ ሸርቪል ጋር ተቀምጠው፣ ቃል በቃል እየተነጋገሩ፣ አሥር ዓመት ያህል ፈጀባቸው። ጽሑፉ ከ9,500 ገጽ በላይ ሆነ። በ1820 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ መጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው። ታዲያ እንደገዙት አላተሙትም። ሲመረምሩና ሲያርሙ ቆይተው አራቱ ወንጌላት በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው ደግሞ በ1840 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከግዢው እስከ ሙሉው ኅትመት 20 ዓመት ማለት ነው! ያውም የመጽሐፉ የራሱ ቃል ሆኖ። ዛሬ ማታ ተጽፎ ዛሬ ማታ የሚላክልሽ ፒዲኤፍ እንዴት ያለ ምርመራ ይለፍ ትያለሽ?

ስለ ተጣላችሁበት የመዝሙር ቁጥር ደግሞ እንገላግላችሁ። ሁለታችሁም ልክ ናችሁ! በዕብራይስጡ 9ኛውና 10ኛው መዝሙር ለየብቻ ናቸው። በጥንቱ የግሪክ ትርጉም፣ እኛ የሰባ ሊቃናት በምንለው፣ ሁለቱ አንድ ላይ ተቆጥረዋል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ያሉት አብዛኞቹ መዝሙሮች አንድ ቁጥር ወደኋላ ይቀራሉ፤ መጨረሻው አካባቢ እንደገና ይገጣጠማሉ። የግእዙ ዳዊት የተተረጎመው ከግሪኩ ስለሆነ የእረኛው መዝሙር 22ኛ ሆነ። ከዕብራይስጡ የሚቆጥሩት 23ኛ አሉት። አየሽ፣ ማንም አልተሳሳተም። «የናንተ መጽሐፍ ተሳስቷል» ከመባባል በፊት «ያንተ የሚቆጥረው ከየት ነው?» ቢባል ኖሮ የአንድ ቀን ጠብ የአሥር ደቂቃ ጥናት ይሆን ነበር።

የመጻሕፍቱ ብዛትም እንዲሁ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 ትቆጥራለች፤ ሄኖክ፣ ኩፋሌ፣ ጦቢት፣ ዮዲት፣ ሲራክ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ፕሮቴስታንቶች 66፣ ካቶሊኮች 73 ይላሉ። ይህንን ግሩፓችሁ ውስጥ ለመፍታት አትሞክሩ። ሊቃውንት በዘመናት ያልጨረሱትን አምስት ልጆች በቴሌግራም አይጨርሱትም። ይልቅ ከመጀመሪያው ቀን ተነጋገሩበትና እለፉት።

አሁን የታመነ የሚባለው በምን ይታወቃል ወዳልሽው እንሂድ። ማጥኛ ሲባል ሁሉም አንድ አይደለም። ከሥር ጀምሮ እንደ ደረጃ አስቢው። ታችኛውና ዋናው ራሱ የመጽሐፍ ቅዱሱ ቃል ነው። ለዚህ ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን መያዝ ብቻውን ብዙ ያበራል። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ክብደት ያለውና ብዙዎቻችን በጆሯችን የያዝነው ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣው አዲሱ መደበኛ ትርጉም ደግሞ ቋንቋው ለዘመኑ ሰው ቀለል ይላል። አንድ ምዕራፍ በሁለቱም አንብቢ፤ ቃላቸው የተለያየበት ቦታ ላይ ቁሚ። ጥያቄ የሚወለደው እዚያ ጋ ነው። ኦርቶዶክስ የሆናችሁት ባለ 81ዱን መያዝ አለባችሁ፤ አለዚያ ሲራክን ጥቀሱ ስትባሉ የላችሁም።

ሁለተኛው ደረጃ መሣሪያ ነው። የመጽሐፍ ቅዱስ መዝገበ ቃላት፣ የቃላት ማውጫ፣ ካርታ። እነዚህ ብዙም አያጣሉም። ኢያሪኮ የት እንደሆነች፣ አንድ መክሊት ምን ያህል እንደሚመዝን ኦርቶዶክስና ፕሮቴስታንት አያለያይም። ግሩፓችሁ በዚህ ቢጀምር ይሻላል የምንለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ትርጓሜ ነው። እዚህ ላይ እኛ ሀገር ብርቅ ነገር አለ፤ አንድምታ። በአብነት ትምህርት ቤት ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል ሲወርድ የኖረ፣ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መታተም የጀመረ። «አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲህ ነው» እያለ የአንዱን ቃል ብዙ ፍቺ ፊትሽ ይዘረግፍልሻል። ኦርቶዶክስ ላልሆነውም ባልደረባሽ ቢሆን አባቶቻችን አንድን ቃል ስንት ጊዜ ያገላብጡት እንደነበር ያሳየዋል። ፕሮቴስታንቶቹም በየቤተ ክርስቲያናቸው የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩባቸው ማብራሪያዎች አሏቸው። እነሱ ያምጡ።

አራተኛው ስብከት ነው፤ የድምፅም ይሁን የቪዲዮ። ስብከት ልብ ያነሳሣል፣ እሰየው። ነገር ግን ከታች ያሉት ሦስቱ ሳይኖሩ እሱን ብቻ የሚሰማ ሰው፣ ወጡን ትቶ በርበሬውን ብቻ እንደሚበላ ነው። ጓደኛሽን ያገኛት ይሄው ነው።

መጽሐፍም ሆነ ቪዲዮ ዋስ ከመሆናችሁ በፊት የሚከተሉትን ጠይቁ።

አንደኛ፣ ማን ነው የጻፈው? ስም፣ የተማረበት፣ የሚያገለግልበት ቤተ ክርስቲያን አለው? ተሳስቶ ቢገኝ «ና እስቲ አስረዳን» የሚለው አካል አለ? ኦርቶዶክሶቹ የሊቃውንት ጉባኤ መጻሕፍትን እንደሚመረምር ታውቃላችሁ፤ መጽሐፉ ታይቶ እንደሆነ ከፊት ገጹ አንብቡ፣ ካልሆነም የሰንበት ትምህርት ቤታችሁን መምህር ጠይቁ። ፕሮቴስታንቶቹ ደግሞ መጋቢያቸውን ወይም የነገረ መለኮት የተማረ ሰው ይጠይቁ። ደራሲው «የእግዚአብሔር ባሪያ» ብቻ ከሆነ አትፈርሙ። ባሪያም ስም አለው።

ሁለተኛ፣ ትርጉም ከሆነ ከምን ተተረጎመ? የመጀመሪያው ደራሲና የመጽሐፉ ስም ካልተጻፈ፣ ተርጓሚው ምን እንደጨመረና ምን እንደቀነሰ የምታውቁበት መንገድ የለም። ዛሬ ደግሞ አዲስ ጣጣ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት በአንድ ደቂቃ ያማረ አማርኛ ይጽፋል፤ የሌለ ጥቅስም አሳምሮ ይጠቅሳል።

ሦስተኛ፣ ጥቅሶቹን ክፈቱ። ከመሃል አምስቱን ብቻ። እያንዳንዱን ከበፊቱ አምስት ቁጥር ጀምራችሁ እስከ በኋላው አምስት ቁጥር አንብቡ። ጥቅሱ ራሱ ቦታ ላይ ሌላ ነገር የሚል ከሆነ መጽሐፉን ዝጉ። ይሄ አለማመን አይደለም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 17 የቤርያን ሰዎች የሚያመሰግነው የጳውሎስን ትምህርት ሳይቀር በየቀኑ ከመጻሕፍት ያመሳክሩ ስለነበር ነው። ጳውሎስ ካልተቆጣ የዩቲዩብ ሰባኪ ለምን ይቆጣል?

አራተኛ፣ ምን ይጠይቃል? ገንዘብ ላኩ፣ ለቤተሰብ አትንገሩ፣ ከጓደኛ ተለዩ፣ መድኃኒት ተዉ፣ ዛሬ ሌሊት ለ20 ሰው ካላደረሳችሁ እንዲህ ትሆናላችሁ የሚል ነገር ካለበት ሌላውን ጥያቄ መጠየቅ አያስፈልግም። በሩን አሳዩት።

አምስተኛ፣ ለማን ነው? ጥሩ መጽሐፍ ሁሉ ለሁሉ ሰው አይሆንም። ዮሐንስ ራእይን ለጀማሪ መስጠት፣ ገና ዳዴ ለሚል ልጅ መኪና እንደመስጠት ነው። ማርቆስ ወንጌል 16 ምዕራፍ ነው፤ አጭር ነው፤ ታሪኩ ይሮጣል። ከዚያ ትጀምር።

ስለ ግሩፑ አሠራርም እንንገርሽ። በጣም አታብዙት። በስም የምትተዋወቁ፣ ብትጣሉ ቡና ጠጥታችሁ የምትታረቁ ሰዎች ብቻ ይግቡ። አምስት በቂ ነው፤ አሥራ ሁለት ከሞላችሁ በር ዝጉ። ሌላ የሚፈልግ ካለ የራሱን ይክፈት፣ ሕጋችሁን ስጡት። ከሌላ ቦታ የመጣ ነገር እንዳለ ማሳለፍ፣ ፎርዋርድ የሚባለው፣ ፈጽሞ ይከልከል። በሁለት ሳምንት አንድ መጽሐፍ ብቻ ይጠቆም፤ ዋሱም ከዳር እስከ ዳር ያነበበው ይሁን። ገና እያነበበ ከሆነ ይጨርስና ይምጣ። የራሱን ወይም የዘመዱን መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው በዚያ መጽሐፍ ላይ ዋስ አይሁን።

ዋሱ የሚጽፈው ጥቂት መስመር ነው። ምሳሌ ይሁናችሁ፦

ምንድን ነው፦ የአራቱ ወንጌላት አንድምታ ትርጓሜ።
የማን ነው፦ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትርጓሜ።
ለማን ይሆናል፦ ወንጌሉን አንድ ጊዜ ለጨረሰና ጠለቅ ማለት ለሚፈልግ።
ምን ያስቸግራል፦ ግእዝ ይበዛበታል፣ አማርኛውም የጥንት ነው፤ ብቻ መሆን ይከብዳል፣ የአብነት ተማሪ ወይም መምህር አጠገብ ቢኖር ይመረጣል።
ዋሱ፦ የአንቺ ስም።

«ምን ያስቸግራል» የሚለውን መስመር ማንም እንዳይዘለው። ጉድለቱን መናገር የማይችል ሰው ወይ አላነበበውም፣ ወይ ሊሸጥልሽ ፈልጓል። «የማን ነው» የሚለውም መስመር ጠባችሁን ግማሽ በግማሽ ይቀንሰዋል። ኦርቶዶክሱ የኦርቶዶክስ መጽሐፍ ሲያመጣ ኦርቶዶክስ ነው ብሎ ይጻፍ፤ ፕሮቴስታንቱም እንዲሁ። ያኔ ማንም ማንንም በስውር ሊወስድ እንደማይሞክር ይታወቃል። ሌላውን ለመስደብ የተጻፈ መጽሐፍ ግን ከሁለቱም ወገን አይግባ። ስለ ኦርቶዶክስ ማወቅ የፈለገ ኦርቶዶክስ የጻፈውን፣ ስለ ፕሮቴስታንት ማወቅ የፈለገ ፕሮቴስታንት የጻፈውን ያንብብ። የጎረቤትን ባሕርይ ከባላንጣው የሚጠይቅ ሰው እውነቱን አያገኝም።

አንድ ዋስ የሆናችሁለት መጽሐፍ በኋላ ችግር ቢገኝበትስ? ዝም ብላችሁ አታጥፉት። «ይህን መጽሐፍ ጠቁመን ነበር፣ በዚህ ምክንያት አንሥተነዋል» ብላችሁ ጻፉ። ያነበበው ሰው የማወቅ መብት አለው። ያ ትልቁ ግሩፕ ይህን አድርጎ ቢሆን ኖሮ ጓደኛሽ ቢያንስ በሁለተኛው ሳምንት ላይ ክኒኗን ትመልስ ነበር። ጤናን በሚመለከት ደግሞ ከሁሉ በላይ አንድ መስመር አናት ላይ ይለጠፍ፦ «እዚህ ቤት ማንም ለማንም መድኃኒት አያዝም፣ መድኃኒትም አያስተውም።»

ስለ ፒዲኤፍም አንድ ነገር። መጽሐፍን በስልክ ፎቶ አንሥቶ መበተን እንደ ጽድቅ ሥራ የሚቆጥሩት አሉ። ደራሲው ግን ከዚያ መጽሐፍ እንጀራ ይበላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ይጠብቃል። ስለ ቃሉ ለመማማር የሰው ላብ መስረቅ አያምርም። ለአምስት አንድ መጽሐፍ ገዝታችሁ እየተቀባበላችሁ አንብቡ። በነፃ የተፈቀደም ሞልቷል፤ ዩቨርሽን የሚባለው የስልክ መተግበሪያ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ያለ ክፍያ ያስነብባል። ብር ካጠረ ወመዘክር አለ፣ አራት ኪሎ ደግሞ አብርሆት አለ፤ የየደብሩና የየአጥቢያው ቤተ መጻሕፍትም አለ። ከመግዛታችሁ በፊት ሄዳችሁ አገላብጡ።

መጨረሻ ላይ፣ በወር አንድ ጊዜ ስልኩን አስቀምጡና ፊት ለፊት ተገናኙ። ሁለቱም ወገን የየራሱን መምህር የሚጠይቀው ጥያቄ በወረቀት ይያዝ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውን ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስታውሺ። የንግሥት ባለሟል ነው፣ የገንዘብ ሹም ነው፣ ሠረገላ ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን እያነበበ ነበር። ፊልጶስ ይገባሃል ወይ ቢለው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይገባኛል አለ። እንደ አንቺ የሒሳብ ሰው ነበር፤ መጠየቅ ግን አላሳፈረውም። ፊልጶስም መጽሐፉን ከሩቅ ወርውሮለት አልሄደም። ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ፣ ከተከፈተበት ገጽ ጀምሮ አስረዳው። ዋስ ማለት ይሄ ነው።

እንግዲህ እህታችን፣ የመጀመሪያውን መጽሐፍ የመምረጡን ዕድል ለዚያችው ጓደኛሽ ስጧት። ክፉኛ የተጎዳችው እሷ ስለሆነች ከሁላችሁም በላይ የምትጠነቀቀው እሷ ነች። ለእናትሽም እሳቱን ጠባቂ አበጅተንለታል በያቸው። ባልደረባሽን ደግሞ ነገ ቢሮ ስትገቢ 22ም 23ም ልክ ነው ብለሽ ቡና ጋብዢው።

እናንተ አንባቢዎቻችንስ? ሳታነቡት ያሳለፋችሁት ስንት ነገር ስልካችሁ ውስጥ አለ? ዛሬ ማታ ገለጥ ገለጥ አድርጉትና፣ በየትኛው ላይ ስማችሁን ጽፋችሁ ዋስ እንደምትሆኑ እዩ። የማትፈርሙበትን አትላኩት።

ሳምንት በሌላ ደብዳቤ እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን!